ኅዳር 12፦ የእኛ ሚካኤል፣ የእነሱ ሰንደቅ

ደባርቅ ላይ ኅዳር 12 ሲነጋ መጀመሪያ የሚቀበለን ጢስ ነው። እናቴ ግቢዋን ጠርጋ፣ የጠረገችውን ከምራ እሳት ትለቅበታለች። ጎረቤትም እንደዚያው ያደርጋል። «ኅዳር ሲታጠን» ነዋ! የ1911ዱን የኅዳር በሽታ እያስታወስን፣ ሳናስታውስም፣ እናጥናለን። ከዚያ ነጠላ ተለብሶ ወደ ሚካኤል ይኬዳል። እኔ ለዓመታት ይህ ቀን የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ለካስ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ በአንድ ቀን ቢዛነፍም። በዚያው ቀን በመላው ጣልያን ካራቢኜሪ የሚባሉት ወታደሮች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ጠባቂያቸው ናት የሚሏትን ማርያምን ያከብራሉ፣ በሥራ ላይ የሞቱ ባልደረቦቻቸውን ልጆች ያስባሉ፣ ከዚያም የአንድ ቦታ ስም ይጠራሉ፦ ኩልኳልቤር።

መጀመሪያ ሳነበው አላወቅሁትም። ጮክ ብዬ ስለው ነው ጆሮዬ የነቃው። ቁልቋል በር! ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ያለ በር ነው። ቁልቋል የበቀለበት መተላለፊያ፣ በቃ። አንድ የአውሮፓ ጦር በዓመት አንዴ ቁልቋላችንን በላቲን ፊደል እያነበበ ይጸልያል።

ይህ ነገር ለወራት አልለቀቀኝም። የማልለቀቅበት የራሴ ምክንያትም አለኝ፤ እመጣበታለሁ።

*

ካራቢኜሪ በ1814 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ የተቋቋመ ጦር ነው። ግማሹ ፖሊስ፣ ግማሹ ወታደር። ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር አብሮ መጣ። ከአገሬው የመለመላቸውን «ዛፕቲዬ» ይላቸው ነበር። በሰላሙ ጊዜ ሥራው ማሰርና መጠበቅ ነው። ቁልቋል በር ላይ ግን እንደ እግረኛ ጦር ምሽግ ገብቶ ተዋጋ።

በጣልያን ጦር ልማድ ሜዳይ ለሰው ብቻ አይሰጥም፤ ለሰንደቅም ይሰጣል። አንድ ብርጌድ ወይም ሬጅመንት በአንድ ቦታ በደንብ ከተዋጋ ሜዳዩ በጦሩ ሰንደቅ ላይ ይሰካል። ወታደሩ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ሰንደቁ ግን ሜዳዩን ይዞ ለሚቀጥለው ምልምል ይተላለፋል። አዲሱ ልጅ የማያውቃቸውን ሰዎች ክብር ይወርሳል። በዚህ በጣም የሚታወቀው የሳሳሪ ብርጌድ ነው። በ1915 (እ.ኤ.አ.) ከሰርዲኒያ ደሴት ልጆች ተመሠረተ፤ ሁለቱ ሬጅመንቶቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የወርቅ ሜዳይ አገኙ። ከዚያ ብርጌድ መኮንኖች አንዱ ኤሚሊዮ ሉሱ ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ የፋሺስቶች ዋና ተቃዋሚ ሆኖ ታሰረ፣ ተሰደደ። ሜዳይ ያለው ጦር ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አያወጣም ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

የቁልቋል በሩም ውጊያ ለካራቢኜሪ ሰንደቅ የወርቅ ሜዳይ አስገኘ። በ1949 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ማርያምን «ታማኟ ድንግል» በሚል ስም የጦሩ ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ በዓሏ ኖቬምበር 21 እንዲሆን ተወሰነ። የካቶሊኮች የማርያም በዓል ነው፤ የቁልቋል በርም መታሰቢያ ነው። ሁለቱ ተጋጠሙ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሊገርማችሁ ይገባል። ቁልቋል በር ላይ ጣልያኖች ተሸንፈዋል። የሚከበረው የተሸነፉበት ቀን ነው።

ይህ ለእነሱ አዲስ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣልያን ወታደሮችን ደመሰሱ። ሮም ምን አደረገች? ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት አቆመችላቸው፣ ስማቸውን ጻፈችበት፤ የዋናው ባቡር ጣቢያ አደባባይም እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። ሮም ያላችሁ ልጆች በየቀኑ የምታልፉበት ነው። ሻለቃ ቶዜሊ በ1888 አምባላጌ ላይ ተሸንፎ ሞተ፤ ስሙ ለአንድ የኤርትራ አስካሪ ሻለቃ ጦር ተሰጠ። ጣልያን በእኛ ተራሮች ላይ ሽንፈቷን እየለቀመች ወደ ክብር ስትቀይር ኖራለች።

እኛስ? እኛ ዓድዋ አለን። ያውም ትልቁን። ግን ከዓድዋ በኋላ ያለውን፣ የራሳችንን ሰፈር ታሪክ፣ ማን ይጠራዋል?

*

እስቲ ወደ ሰሜን ልውሰዳችሁ።

ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትን አልፋችሁ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። ከደባርቅ ጥቂት አለፍ ስትሉ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ሊማሊሞ ነው። ከእግራችሁ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ማዶ እንደ ጣት የቆሙ አምባዎች፣ ከሥር የአዲ አርቃይ ቆላ፣ ከዚያም ወዲያ ተከዜ። መኪናው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አስጎብኚዎቻችን ለእንግዳ «መንገዱን ጣልያን ነው የሠራው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከአሥመራ ጎንደር የሚያደርሰውን መንገድ በዚህ ገደል ያሳለፈው የጣልያን መሐንዲስ ነው። ዶማውን የያዘው እጅ የማን እንደነበር ግን ማንም ሲናገር አልሰማሁም።

በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገሠግሥ ከፊት ከነበሩት አንዱ ደጃዝማች አያሌው ብሩ ነበሩ፤ የስሜኑ ሰው። ደምበጊና ላይ ጣልያኖችን ታንካቸው ሳያድናቸው አባረሯቸው። በዚያው ወር አውሮፕላኖች ተከዜ ዳር በነበረው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ። የሰው ቆዳ የሚልጥ መርዝ። ለዚህ በሰንደቅ ላይ የተሰካ ሜዳይ የለም። መጋቢት 23 ቀን 1928 አኪሌ ስታራቼ የሚባለው የፋሺስት ፓርቲ ጸሐፊ በካሚዮን ጎንደር ገባ።

አሁን ወደ 1933 እንዝለል። ሚያዝያ 27 የምናከብረው የድል በዓል ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት። ትምህርት ቤት ውስጥ የተማርኩት እዚያ ላይ ያበቃል። ጣልያን ሄደ፣ ነጥብ።

ለደባርቅ ሰው ግን ጣልያን አልሄደም ነበር።

በግንቦት የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። ጄኔራል ጉሊየልሞ ናዚ ግን ጎንደርን ይዞ ቀረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወደ ጎንደር የሚያስገቡት መንገዶች ሁሉ በበር ነው የሚያልፉት፣ በሮቹን የያዘ ጎንደርን ይይዛል። በሰሜን ያለው በር ሊማሊሞ አናት ላይ ያለው ወልከፊት ነው። በደቡብ ምሥራቅ ያለው ቁልቋል በር ነው። የእኛ ሰፈርና የካራቢኜሪው ሰፈር የአንድ ቤት ሁለት በሮች ነበሩ።

ወልከፊትን የያዘው ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ነው። ከሥሩ 3 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው፤ በግምት ግማሹ ጣልያን፣ ግማሹ የእኛ ሰው። ከውጭ የከበቧቸው አርበኞች ናቸው፤ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች አብረዋቸው ነበሩ፤ ደጃዝማች አያሌውም ነበሩበት። ቆይቶ ከኬንያ በኩል የመጣ የአፍሪካውያን ብርጌድ ተጨመረ። ከሚያዝያ ጀምሮ ክረምቱን በሙሉ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ብርድ ተፋጠጡ። ደባርቅ ክረምት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። በምሽጉ ውስጥ እህል አለቀ። በመስከረም መጨረሻ፣ የእንግሊዝ መዝገብ ሴፕቴምበር 27 በሚለው ቀን፣ ጎኔላ እጁን ሰጠ።

በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1934። መስቀል።

ይህን ቀን ስቆጥር ደነገጥኩ። የአያቴ ነገር የገባኝም ያኔ ነው።

*

አያቴ በዚያ ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሕይወት ሳለች ስለ ጥልያን ዘመን ብትጠየቅ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ያን ዓመት ደመራው ሁለት ጊዜ ነደደ።» እኛ ልጆቹ ተረት ይመስለን ነበር። አባቷ ከከበቡት ጋር፣ ከገደሉ ራስ ላይ ነበር። የአባቷ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከምሽጉ ውስጥ። በጣልያን ደመወዝ፣ በጣልያን ጠመንጃ። በመስቀል ሰሞን ሁለቱም ወደ ቤት መጡ። አንዱ እየፎከረ፣ አንዱ አንገቱን ደፍቶ።

«ተገዳደሉ?» አልኳት አንዴ።

«ኧረ ወዲያ! እናታቸው ነበረች እኮ» አለችኝ። «በአንድ መሶብ በሉ። ግን ከዚያ በኋላ ስሙን የጠራው የለም።»

ባንዳ ሆኖ ቀረ። ቃሉን ራሱ ተመልከቱት። በጣልያንኛ «ባንዳ» ማለት መደበኛ ያልሆነ የአገሬው ጭፍራ ነው፤ ስድብ አይደለም። ወልከፊት ውስጥ ከነበሩት አንዱ ጭፍራ በአዛዡ ስም «ባንዳ ባስቲያኒ» ይባል ነበር። አዛዡ አንጄሎ ባስቲያኒ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። እነሱ ጋ ቃሉ ሜዳይ ወለደ፤ እኛ ጋ ሲሻገር ከስድብ ሁሉ የከፋው ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ቃል፣ ሁለት ዕጣ።

የአያቴ አጎት ለምን ገባ? አላውቅም፣ የሚያውቅም አልተረፈም። ረሃብ ይሆናል። ደመወዝ ይሆናል። ጠመንጃ መያዝ ይሆናል፤ በእኛ አገር ጠመንጃ የሌለው ወንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ወይም ደግሞ በእርግጥ ጣልያን ያሸንፋል ብሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ የምለው እሱን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ከምሽጉ የተተኮሰ ጥይት የማንን ልጅ እንደመታ አላውቅም። አያቴ አባቷ ከገደሉ ራስ ላይ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ሲያደባ «ወንድሜን እንዳልገድል» እያለ ይሁን «ባገኘሁት» እያለ፣ ይህንንም አላውቅም።

*

ከወልከፊት ውድቀት በኋላ የቀረው የደቡቡ በር ነው። ቁልቋል በርን የያዙት ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፦ የካራቢኜሪ ጦር፣ የጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሻለቃ፣ እና 67ኛው የቅኝ ግዛት ሻለቃ ጦር፤ ማለትም አስካሪዎች። ዋና አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ኡጎሊኒ ነው፤ የካራቢኜሪው አለቃ ሻለቃ ሴራንቲ። ውኃ ጠፋ፣ ምግብ ጠፋ። በኅዳር መጀመሪያ የተደረገው ጥቃት ተመለሰ። ኅዳር 12 ቀን 1934 በሁሉም በኩል፣ ከአርበኞች ጋር፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ጋር፣ ከአውሮፕላንና ከመድፍ ጋር የመጨረሻው መጣ። ሴራንቲ ሞተ። ምሽጉ ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 18፣ ናዚ ጎንደር ላይ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይዞ እጁን ሰጠ። ጣልያን በኢትዮጵያ ያበቃው ያኔ ነው። ከድል በዓላችን ስድስት ወር ከምናምን በኋላ።

እኔን ግን ያስቆመኝ ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ነው።

በ1933 ክረምት ደብረ ታቦር ላይ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። 72ኛው የቅኝ ግዛት ሻለቃ እዚያ ነበር። ከሻለቃው አንድ ሙንታዝ፣ በእኛ አሥር አለቃ እንደማለት፣ አልሰጥም አለ። የሻለቃውን ትንሽ ባንዲራ ደብቆ በከበባው መሐል አቋርጦ በእግሩ ወደ ቁልቋል በር ተጓዘ። ምሽጉ ደጃፍ ላይ ቆስሎ ሞተ። ባንዲራውን ግን አደረሰ። ጣልያን ለዚህ ሰው የወርቅ ሜዳይ ሰጠችው፤ ከቅኝ ግዛት ወታደሮቿ ይህን ያገኘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ስሙን «ኡናቱ ኤንዲሻው» ብለው ጽፈውታል። በእኛ አፍ ሲመለስ እውነቱ እንደሻው ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱ እንደሻው። ይህን ስም የያዘ ልጅ ከእኔ ጋር ሊማር ይችል ነበር። አሳዳጊዎቹ «እውነቱ» ብለው አወጡለት። እሱ ግን እውነቱን ለማን ሰጠ? ለወረረው ጦር ባንዲራ። ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ። ድፍረቱን አልክድም፤ ከደብረ ታቦር ቁልቋል በር በጠላት መሐል በእግር መሄድ ቀልድ አይደለም። ግን የእሱን ሜዳይ የሰጠው መንግሥት አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ተከዜ ዳር መርዝ የረጨው ያው ነው። ታማኝነት ብቻውን በጎ ነገር አይደለም። ለማን የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ለዚህ ነው ቅድም ሉሱን ልብ በሉልኝ ያልኩት፤ እሱ ሜዳይ ካላቸው ሰዎች መሐል ወጥቶ፣ ታማኝነቱን ከመንግሥቱ ላይ አንስቶ ለሌላ ነገር ሰጠ። ይቻላል ማለት ነው።

ደግሞም ልብ በሉ። ጣልያኖች የእውነቱን ስም ያስቀመጡት ለእኛ ብለው አይደለም። የእሱ ታማኝነት የእነሱን ግዛት ያምረዋል። «አገሬውም ወዶን ነበር» ለማለት ይመቻል። የተገረፈው፣ የተሰቀለው፣ መንገድ የቆፈረው በዚያ መዝገብ የለም። አንድ ጦር ሲያስታውስ የሚያስታውሰው ራሱን ነው።

እሺ፣ እኛስ ስንረሳ የምንረሳው ማንን ነው?

*

አያቴ በየዓመቱ ለነፍስ አባቷ የሙታን ስም ትሰጥ ነበር፤ በጸሎት እንዲታሰቡ። የአባቷን የክርስትና ስም፣ የእናቷን፣ በኩፍኝ የሞቱ ልጆቿን። አጎቷን አላስጻፈችም። ባለፈው ዓመት ይህን ጽሑፍ ስጀምር እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት።

«የክርስትና ስሙ ማን ነበር?»

ዝም አለች። «ማን ያውቃል ልጄ። ያንን የምታውቀው እሷ ነበረች።»

ያን ቀን ገባኝ። ሮም ውስጥ ያለ መዝገብ የእውነቱን ስም፣ የተጣመመም ቢሆን፣ ይዞታል። የእኛ ቤት ግን የራሱን ሰው ስም አጥቷል። ስም የነሣነው ለቅጣት ነው። ቅጣቱ ግን እሱ ጋ አልቆመም፤ ታሪኩንም አብረን ቀበርነው። አንገቱን ደፍቶ የገባውን ላለመጥራት ስንል እየፎከረ የገባውንም መጥራት ተውን። ልጆቻችን ሚያዝያ 27ን ያውቃሉ፣ የወልከፊትን መስቀል ግን አያውቁም። አርበኛውና ባንዳው የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ፣ አንዱን ሳያነሱ የሌላውን ማውራት አይቻልም።

እኔ ሐውልት ይሠራ አልልም። ለባንዳ ሜዳይ ይሰጥም አልልም፤ አይገባውም። የምለው ትንሽ ነው። አያት ያላችሁ፣ በተለይ ከጃናሞራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ የሆናችሁ፣ ጠይቁ። «ማን ከውጭ ነበር?» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን «ማን ከውስጥ ነበር?» ብላችሁም። ስሙን፣ የክርስትና ስሙን ጭምር፣ ጻፉት። ከጎኑ ያደረገውን ጻፉ፤ ክፉም ከሆነ ክፉ ብላችሁ።

ዘንድሮ ኅዳር 12 ደባርቅ ነበርኩ። እናቴ ቆሻሻውን አቃጠለች፣ ጢሱ ዓይናችንን አስለቀሰን፣ ተያይዘን ወደ ሚካኤል ሄድን። እዚያ ማዶ በዚያው ሰዓት ቁልቋል በር እየተጠራ እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ለቄሱ የአያቴን አባት ስም ሰጠች። ቀጥላ ቆም አለች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና፦

«የእናቴ አጎትም አለ አባ» አለች። «ስሙን አናውቀውም።»

ቄሱ አልጠየቋትም። «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ጻፉ።